ከረድፉ ጫፍ

«በላችው! ላጲሱን በላችው!»

ሶሎንጎ ማኘኳን አቆመች። አፏ በዳቦ እንደተሞላ ነው። ፊት ለፊቷ ጸጉሩ የተንጨባረረ ልጅ ጣቱን ቀስሮባታል። ከኋላው ደግሞ የክፍሉ ልጆች በሙሉ ከየሥዕል ማቆሚያቸው ጀርባ አንገታቸውን አስግገው ያዩዋታል። ትዋጠው ወይስ ትትፋው? በአገሯ ከተማ በኡላንባታር ሦስት ዓመት ሙሉ ጃፓንኛ ስትማር እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚባል ያስተማራት ሰው አልነበረም።

ዋጠችው። ከዚያም ብድግ ብላ ከወገቧ ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእርስዎ ዳቦ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

ወዲያው ሁሉም ሳቃቸውን ለቀቁት።

«እርስዎ! እኔን እርስዎ አለችኝ!» ጸጉረ ጨብራራው ልጅ ደረቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እናቴ በሰማች! ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሳልኝ!»

«አቦ ተዋት፣ ኩሳካ! ገና በመጀመሪያ ቀኗ ሙድ ትይዝባታለህ?» አለች ከሶሎንጎ ቀጥሎ የተቀመጠች ልጅ። ፊቷ ክብ፣ ጸጉሯ እስከ ጆሮዋ የተቆረጠ ነው። ሽርጧ ቀለሙ ምን እንደነበር እስከማይታወቅ ድረስ በከሰል ጠቁሯል። «እኔ ኢቡኪ እባላለሁ። አንቺ በይኝ፣ እርስዎ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል። ደግሞ ዳቦው የማንም አይደለም፣ ያንቺው ነው። ግን የሚበላ አይደለም። እዪ።»

ከራሷ ቁራሽ ላይ ለስላሳውን ልብ ቆንጥራ በጣቶቿ መሃል አድበለበለችው። ከዚያ ወረቀቷ ላይ ከሰሉ ድቅድቅ ብሎ የጠቆረበት ቦታ ላይ ጫን አድርጋ አነሳችው። ከጥቁሩ ውስጥ አንድ ነጭ ነጥብ ብቅ አለ፣ ደመና ሲሰነጠቅ ጸሐይ እንደምትታየው።

«የላስቲክ ላጲስ ከሰሉን ይለቀልቀዋል። ዳቦ ግን ይመጠዋል። ልቡ ለሥዕል፣ ቅርፊቱ ደግሞ...» ቅርፊቱን ወደ አፏ ወረወረችው። «...ለሆድ። አንቺ ገልብጠሽ ነው የበላሽው።»

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሶሎንጎ ጠዋት የነቃችው ከወፎቹ ቀድማ ነበር፤ ደስታዋ ግን ቁርስ አላስበላትም። የሻይ ኩባያውን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን ዘጋች፣ ከፈተች። የጃፓኗ የካናዛዋ ከተማ ሰማይ ደግሞ አይታመንም፤ የከተማው ሰው «ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ» የሚለው ወዶ አይደለም። ቤታቸው ያረፈችባቸው እማማ ኦኩዳይራ ጃንጥላ ይዘው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሮጠው ደረሱባት። በዚያ ግርግር ጃንጥላው ተያዘ፣ ምሳው በራፍ ላይ ቀረ። እንግዲህ ክፍል ገብታ ቦታዋን እንደያዘች አንዲት ልጅ ለሁሉም ቁራሽ ዳቦ በትሪ ስታድል ብታይ፣ «ወይ ደግ ትምህርት ቤት!» ብላ በልቧ መረቀቻቸው። ቅርፊቱ ደረቅ መሰላት፤ ፈልቅቃ አስቀመጠችና መሃሉን ጎረሰች።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ሳቅ?»

መምህርት ሙሮይ ገቡ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሽበታቸውን እንደ ወንድ ልጅ ከርክመውታል። ጥፍራቸው ሥር የገባው ከሰል በሳሙና የሚለቅ አይመስልም። ሁሉም ተነስቶ እጅ ነሳ።

«ቲቸር፣ እንግዳዋ ላጲሷን በላች!» አለ ኩሳካ።

መምህርት ሙሮይ ሶሎንጎን አዩ። ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠውን ቅርፊትም አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም።

«ሌላ ስጧት» አሉ። «ይኸኛውን እንኳ አትብዪው። ቀኑ ረጅም ነው።»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ ሶሎንጎም አብራ ሳቀች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር፤ ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ደስታ አልለቀቃትም። እንዲያውም ባሰበት። ኡላንባታር ትምህርት ቤቷ ውስጥ የምትስለው እሷ ብቻ ነበረች። በእረፍት ሰዓት «ስሜን በአበባ ጻፊልኝ»፣ «የልደት ካርድ ሥሪልኝ» እያሉ ይከቧታል፤ ከዚያ ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። ስለ ጥላ፣ ስለ መስመር፣ አንድ እጅ መሳል ስንት ቀን እንደሚያባክን የምታወራው ሰው አልነበራትም። እዚህ ግን ክፍል ሙሉ ልጅ በእሷው በሽታ ታሟል። የሁሉም ጣት ጥቁር ነው። የሁሉም አፍንጫ ጫፍ ላይ ባለቤቱ ያላወቀው የከሰል ምልክት አለ።

የዕለቱ ሥራ ክፍሉ መሃል፣ ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ተቀምጧል፤ ከጀሶ የተሠራ የአንድ ጎልማሳ ራስ፣ ጸጉሩ ጥቅልል፣ አንገቱ ወደ ግራ የዞረ። ዝናቡ ረጃጅሞቹን መስኮቶች ያንኳኳል።

«እስከ ከሰዓት በኋላ ትሠራላችሁ» አሉ መምህርት ሙሮይ። «ከዚያ ረድፍ።»

«ረድፍ ምንድነው?» ሶሎንጎ ወደ ኢቡኪ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

«ሥዕሎቻችንን ግድግዳው ሥር ይደረድሯቸዋል። ከዚያ ጥግ አንደኛ፣ እስከዚህ በር ድረስ መጨረሻ። በሁሉም ሰው ፊት።» ኢቡኪ ትከሻዋን ነቀነቀች። «በሩ አጠገብ የምትቆመው ማን እንደሆነች ልንገርሽ? እዚሁ አጠገብሽ ናት። ትምህርት ከተጀመረበት ከሚያዝያ ጀምሮ ቦታዬን የነካብኝ የለም። በሩ ሲከፈት ሥዕሌን ይመታዋል፤ ለምጄዋለሁ።»

እየሳቀች ነው ያለችው፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ሶሎንጎ ከሰሏን አነሳች። ረድፍ! በልቧ ቦታዋን መምረጥ ጀመረች። አንደኛ እንኳ ባይሆን ሦስተኛ፣ አራተኛ... አገሯ ሥዕሎቿ የሚሰቀሉት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በራፍ ላይ ነበር። እዚህ ለሦስት ወር የመማር እድል ያገኘችውም በሥዕሏ ነው። ከዓይኖቹ ጀመረች፤ ሁልጊዜም ከዓይን ነው የምትጀምረው። «ዓይን ላይ እጅ የላትም፣ አስማት ነው ያላት» ይላታል ታናሽ ወንድሟ።

ሌሎቹ ግን ከዓይን አልጀመሩም። ቀጭን ዘንግ እጃቸውን ዘርግተው ይይዛሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይለካሉ፣ ወረቀታቸው ላይ ሁለት ሦስት ረጃጅም መስመር ይጥላሉ፣ ደግሞ ይለካሉ። አንዳቸውም ከፊቱ ላይ ምንም ሳይሠሩ ረጅም ጊዜ አለፈ። ሶሎንጎ በዚያ ጊዜ የግራውን ዓይን ጨርሳ ነበር። ልቧ በኩራት ሞቀ። ዳቦዋን አድበልብላ ብሌኑ ላይ አንዲት የብርሃን ጠብታ አወጣች። አቤት ሲያምር! ጀሶው ሊያናግራት የደረሰ መሰላት።

በምሳ ሰዓት ኢቡኪ የሩዝ ጥቅሏን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠቻት።

«ምሳሽን መርሳትሽን ከዓይንሽ አውቄዋለሁ። ላጲስ የሚበላ ሰው ምሳ የለውም።»

«አመሰግንዎ... አመሰግንሻለሁ» አለች ሶሎንጎ፣ አንደበቷን እያረመች።

ኩሳካ ከራሱ ሳህን የተጠቀለለ የእንቁላል ጥብስ አንስቶ የሩዝ ጥቅሏ ላይ ጣል አደረገላት። «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ አይደል? ልመርቅሽ እንጂ። ዳቦ አይጥፋብሽ!»

«አሜን፣ ይኑሩልኝ» አለች ሶሎንጎ ሳታስበው፤ ኩሳካም እስኪያንቀው ሳቀ።

«ስሚ» አለች ኢቡኪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ኩሳካ ውኃ ሊጠጣ ሲነሳ። «እንዳትቀየሚኝ። እንግዳ ተማሪ ሊመጣ ነው ሲባል ደስ አለኝ። ገና ጀማሪ ትሆናለች፣ ለአንድ ቀን እንኳ ከበሩ እላቀቃለሁ ብዬ። ዓይኑን ስትሠሪው አይቼ ግን ተስፋ ቆረጥኩ። አንቺ ከላይ ነሽ።»

ሶሎንጎ አንገቷን ደፋች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም። የሩዙ ጥቅል እንደዚያ ቀን ጣፍጧት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ «ይበቃል!» ሲባል ሁሉም ከሰሉን አስቀምጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መምህርት ሙሮይ በሥዕሎቹ መሃል ተመላለሱ። ከዚያ ማቆሚያዎቹን ከነሥዕላቸው እያነሱ ግድግዳው ሥር መደርደር ጀመሩ፤ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ እንደሚያዛውር፣ ይህን እዚያ፣ ያንን እዚህ፣ አይ፣ ይህንን ደግሞ ከሱ በፊት። የሚሰማው የዝናቡ ድምፅና የእንጨት እግር ወለሉን ሲቧጥጥ ብቻ ነው። ሶሎንጎ የማን እጅ እንደሆነ ሳታውቅ የኢቡኪን እጅ ጨብጣለች።

ረድፉ እያደገ መጣ። አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ... የእሷ ገና ነው። የኢቡኪ ሥዕል ተነሳ፣ ዞረ፣ በሩ አጠገብ አረፈ። ኢቡኪ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

የሶሎንጎ ሥዕል ግን ከቦታው አልተነሳም። ረድፉ አልቆ መስኮቱ አጠገብ ለብቻው ቆሟል።

መምህርት ሙሮይ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንደኛዋ ሀያሴ ናት፤ ረጅም፣ ባለ መነጽር፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ከአፏ ያልወጣ ልጅ።

«ሀያሴ፣ አንደኛ ነሽ። ብዙ ደስ አይበልሽ። ጆሮው ከሌላ ሰው በውሰት የመጣ ነው።» ሀያሴ አንገቷን ነቀነቀች። «ኩሳካ፣ ሰውዬውን ጥርሱን ያመዋል?»

«አያመውም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ጉንጩን ምን አሳበጠው?»

እንዲህ እንዲህ እያሉ በረድፉ ወረዱ። ማንንም አልማሩም። አንዱን «ጥላህ ጭቃ ነው» አሉት፤ አንዷን «ጸጉሩን ሳትወጂው ነው የሠራሽው፣ ያስታውቃል» አሏት። ሶሎንጎ የሚገርም ነገር አስተዋለች፤ የተሰደበው ሁሉ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብሎ ያያል፣ አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ክፍሉ እንደ ገበያ ሞቀ። በመጨረሻ በሩ ጋ ደረሱ።

«ኢቡኪ። አፍንጫው ጠፍቷል። ከዓይኑ ጋር ተጣልተሻል። ጥላውን በእጅሽ አሽተሽ አቆሽሸሽዋል፤ አታሺው ስልሽ ስንት ጊዜዬ ነው? ነገር ግን ራሱ መቆሚያው ላይ ተቀምጧል። ይከብዳል። ያቺን ነገር እንዳትጥያት።»

«እሺ» አለች ኢቡኪ ወለሉን እያየች።

መምህርት ሙሮይ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ለሰለሰ።

«ሶሎንጎ፣ ዓይኖቹ ደስ ይላሉ። የራስሽ ስሜት አለበት። ወደ ክፍላችን እንኳን ደህና መጣሽ።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። በጨዋ ደንብ፣ እኩል ጀምረው እኩል ያቆሙት ጭብጨባ ነበር።

ሶሎንጎ አመስግና እጅ ነሳች። ውስጧ ግን የሆነ ነገር ቀዘቀዘ። «የራስሽ ስሜት አለበት።» ይህችን ቃል የት ነው የምታውቃት? ቆይታ ትዝ አላት። አክስቷ ትራስ ላይ ፈረስ ስትጠልፍና ፈረሱ ውሻ ሲመስልባት፣ ሶሎንጎ ራሷ የምትላት ቃል ናት። «ደስ ይላል አክስቴ፣ የራስሽ ስሜት አለበት።» ከዚያ ሻይ ይቀርባል፣ ወሬው ይለወጣል።

ጽዳት ተጀመረ። ከፊሉ ይጠርጋል፣ ከፊሉ መስኮት ይወለውላል፣ ኩሳካ ባልዲ ተሸክሞ ውኃ እያፈሰሰ ይሮጣል። ሶሎንጎ መወልወያ ተሰጣት። ወለሉን እየወለወለች ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስትሄድ ጀርባዋ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተገናኘ። ቀና አለች።

ከዚያ ርቀት ረድፉ ሌላ ነገር ነው። ከቅርብ ሲያዩት መስመርና ጥላ ብቻ የነበረው አሁን ግድግዳ ሥር የተሰለፈ የጀሶ ራስ ሆኗል። የሀያሴው ቢወድቅ እግር ይሰብራል፤ እንዲያ ይከብዳል። እየወረደ ሲሄድ ክብደቱ እየቀነሰ ይመጣል፤ ቢሆንም የኢቡኪው እንኳ፣ ያ አፍንጫ ያጣው ምስኪን፣ መቆሚያው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ከዚያ ወደ ራሷ ሥዕል ዞረች። ሁለት የሚያምሩ ዓይኖች። ከሥራቸው ቀጭን አገጭ፣ ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለ አንገት፣ ከአንገቱ ሥር ምንም። ራሱ ልጅ እንደለቀቀው ፊኛ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን ተክላበት እንዴት አላየችውም? የጠዋቱ ዘንግና መስመር ለምን እንደነበር አሁን ገባት።

መቼም ማዘን ነበረባት። ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፤ የጠዋቱ ደስታ ተመልሶ መጣ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰዎቹ የሚያውቁት፣ እሷ የማታውቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ! ራስን እንዴት እንደሚያስቀምጡት ያውቃሉ። ደግሞ መምህርቷ እውነቱን የሚነግሯቸው እዚያ ረድፍ ውስጥ ሲቆሙ ነው። እጇን አሳከካት።

መወልወያውን ጣለችና ወደ እጅ መታጠቢያው ሮጠች። መምህርት ሙሮይ እጃቸውን ይታጠባሉ።

«ቲቸር፣ የእኔ ሥዕል ለምንድነው ረድፉ ውስጥ የሌለው?»

መምህርት ሙሮይ ውኃውን ዘጉ። «እንግዳ ነሻ። ለሦስት ወር ነው የመጣሽው። ለእንግዶቻችን ደረጃ አናወጣም። ካንቺ በፊት የመጣው ልጅ አንዴ ረድፍ ውስጥ ገብቶ ሁለተኛ ከሰል ሳይነካ ነው ወደ አገሩ የሄደው።»

«እኔ መግባት እፈልጋለሁ።»

«የምትፈልጊውን ታውቂያለሽ?» እጃቸውን በሽርጣቸው አበሱ። «ታኅሣሥ ላይ ኤግዚቢሽን አለን። የእንግዳ ሥራ ያለ ውድድር መግቢያው ላይ ይሰቀላል። ረድፍ ውስጥ ከገባሽ ግን እንደማንኛቸውም ነሽ፤ የሚሰቀለው ከግማሹ በላይ ያለው ብቻ ነው። አገርሽ ያሉ ሰዎች ፎቶ ይጠብቃሉ አይደል?»

ይጠብቃሉ። ርዕሰ መምህሩ የፎቶውን ክፈፍ ሁሉ ገዝተው አስቀምጠዋል። እናቷ ለሥራ ባልደረቦቿ በሙሉ አውርታለች። ወንድሟ ሳይቀር «ያንቺ ሥዕል የተሰቀለበትን ግድግዳ በቪዲዮ ካላሳየሽኝ አላምንም» ብሏታል። አሁን «እሺ ቲቸር፣ እንግዳ ልሁን» ብትል ማንም አይታዘባትም። መግቢያው ላይ ሁለት የሚያምሩ ዓይኖች ይሰቀላሉ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ የራሷ ስሜት አለበት ይላል።

«አሁኑኑ መልሺ አላልኩሽም» አሉ መምህርት ሙሮይ። «ክፍሉ ጸድቶ እስኪያልቅ አስቢበት።»

ስትመለስ ኢቡኪ በሩ አጠገብ ተንበርክካ ከሥዕሏ ሥር የረገፈውን ከሰል በእጇ ታፍሳለች። ሶሎንጎ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ሥዕሌን ረድፉ ውስጥ ላስገባው ነው።»

ኢቡኪ ቀና አላለችም። «የት?»

«እዚህ። ካንቺ ቀጥሎ።»

ኢቡኪ ያፈሰችውን ከሰል መልሳ ደፋችው። ክቡ ፊቷ ቀልቷል። «አዝነሽልኝ ነው? ምሳ ላይ ያልኩሽን ይዘሽ ነው? አልፈልግም! መጨረሻ መሆን አልገደለኝም። ሰው በምጽዋት ከሚያሳልፈኝ በሩ ሲመታኝ ቢውል ይሻለኛል!»

«አላዘንኩልሽም።» የሶሎንጎ ጃፓንኛ ተሰበረ፣ ተንጠባጠበ። ብድግ ብላ ኢቡኪን ክንዷን ይዛ እየጎተተች እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ወሰደቻት፣ በትከሻዋ ይዛ አዞረቻት። «እዪ። ያንቺ ሰውዬ ተቀምጧል። የኔው... የኔው በረረ። አንገቱን ማን ይያዘው? ማንም! አንቺ እንዴት እንዳስቀመጥሽው አላውቅም። ንገሪኝ!»

ኢቡኪ አየች። የራሷን ሥዕል ከሩቅ አይታው የምታውቅ አትመስልም። ዓይኗን አጥብባ ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሰች።

«እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያንቺው ፊኛ ነው።»

«ፊኛ ነው!»

«ዓይን ያለው ፊኛ!» ኢቡኪ አፏን በእጇ አፈነች፤ ሳቁ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ። ሶሎንጎም ሳቀች። እንደዚያ ቀን ስትሰደብ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሶሎንጎ ወደ መስኮቱ ሄደች። ማቆሚያውን ከነሥዕሉ አቅፋ አነሳችው፤ ካሰበችው በላይ ይከብዳል፣ አንዱ እግሩም ጉልበቷን ይመታታል። ክፍሉን አቋርጣ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቦታ የለም። ረድፉ ከወዲያኛው ጥግ እስከ በሩ መቃን ድረስ ሞልቷል፤ ከኢቡኪ ሥዕል ቀጥሎ ያለው መተላለፊያው ብቻ ነው። ሸክሟን እንዳቀፈች ግራ ገብቷት ቆመች። መጥረጊያዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ሁሉም ያያታል፤ እንደ ጠዋቱ ግን የሚስቅ የለም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ኩሳካ ባልዲውን እንደያዘ።

«መጨረሻ ነኝ» አለች ሶሎንጎ። «ግን ቦታ የለም።»

ከዚያ ሀያሴ፣ ያቺ ዝምተኛ ልጅ፣ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ወደ ረድፉ መጀመሪያ ሄዳ የራሷን ማቆሚያ ያዘችና ጥጉ ድረስ ገፋችው። የእንጨቱ እግር ወለሉ ላይ ቂጭጭ አለ። ሁለተኛው ልጅ መጥቶ የራሱን አስጠጋ፤ ሦስተኛዋም። ኩሳካ ባልዲውን አስቀምጦ ጉንጫሙን ሰውዬ በትከሻው ገፋው። ቂጭጭ፣ ቂጭጭ፣ ቂጭጭ እያለ ረድፉ በሙሉ ከጥጉ እስከ በሩ አንድ በአንድ ተንቀሳቀሰ። መጨረሻ ላይ የቀረችው ኢቡኪ ናት። ሥዕሏን አየችው፣ ሶሎንጎን አየቻት፣ ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው።

አንድ ማቆሚያ ብቻ የሚያስቀምጥ ክፍተት ተፈጠረ። ሶሎንጎ የእሷን እዚያ አስቀመጠች፤ እግሮቹን አስተካከለች፣ ወለሉን ይንኩ አይንኩ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ አጠገቡ ቆመች።

መምህርት ሙሮይ እጅ መታጠቢያው ጋ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። ከወዲያኛው ጥግ ጀምረው በረድፉ ፊት ቀስ ብለው መጡ፤ ሀያሴን አለፉ፣ ኩሳካን አለፉ፣ ኢቡኪን አለፉ፣ ፊኛው ፊት ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩት። ልጆቹ መጥረጊያና ጨርቃቸውን እንደያዙ ከኋላቸው ተሰበሰቡ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ። ድምፃቸው አሁን አልለሰለሰም።

ሶሎንጎ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይንገሩኝ፣ ቲቸር» አለች። «ከአንገቱ ይጀምሩ።»